የፐርሲ ትራንተር ለቀስተኞች

ሙሪየል ፕሮሰር ዕድሜዋን የፈጀችው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ ነው። ጸሎተኛ ስለሆነች እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዋ ነው። «የዊስቶክ መልእክተኛ» የሚባለው ጋዜጣችን ሐሙስ ሐሙስ ሲወጣ ሦስተኛው ገጽ የቀብር ነው። ከእያንዳንዱ ሟች ሥር ለቀብሩ የመጣው ሰው ስም፣ ከወንድሙ አንስቶ እስከ ወተት አመላላሹ፣ አንድ ሳይቀር ተደርድሮ ይታተማል። ያንን ስም የምትሰበስበው ሙሪየል ናት። ዝናብ ጣለ፣ ውርጭ ወረደ፣ በሩ ጋ ቆማ የሚገባውን ሁሉ ትጽፋለች። የራሷን ስም ግን ጽፋ አታውቅም፤ በሩ ላይ የቆመ አይቆጠርም። ስሙ የቀረበት ሰው በማግስቱ ቢሮ መጥቶ ጉድ ያፈላል። ቢያፈላም አይፈረድበትም፤ እኛ ዘንድ ቀብር ሄዶ ስሙ ያልወጣ ሰው እንዳልሄደ ነው የሚቆጠረው። ሟቹም ሰው ይወደው እንደነበር የሚለካው በዓምዱ ርዝመት ነው። ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ቤት ብትገቡ «የእገሌ እኮ ግማሽም አልሞላ፣ ምስኪን» እየተባለ ሲታማ ትሰማላችሁ። ክፉ ልማድ ነው፤ ግን የኛው ነው።

ጋዜጣው ቤት የገባችው ገና ኮረዳ ሳለች፣ ሻይ ልታፈላና ደብዳቤ ልትጽፍ ነበር። የቀብሩን በር ይዞ የነበረው ሰውዬ ጉንፋን ያዘውና ለዛሬ ብቻ ተኪልኝ አላት። ያ ጉንፋን ሳንባው ገብቶ ገደለው፤ የመጀመሪያውን ረጅም ዓምዷንም የጻፈችው በእሱው ቀብር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ እንስጣት ያለ የለም። ባልም አላገባች። ሰዎች ለሥራዋ ስትል ነው ይላሉ፤ ወሬ ነው፣ የጠየቃት አልነበረም። አሁን ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል፤ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባ ነው የምትቆመው። እንዴት ነሽ ሲሏት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ደክሞኛል» ትላለች። ሰውም ያንን እንደ ሰላምታ ስለለመደው፣ ምን ሆነሽ ነው የደከመሽ ብሎ የጠየቃት የለም።

በዚህ ሁሉ ላይ ነው እንግዲህ ቴሌቪዥኑ የመጣባት። ድሮ አንድ ተማሪ ልጅ የዕረፍት ጊዜውን ጋዜጣው ቤት ሠርቶ ነበር። የሙሪየልን ብስኩት እየበላ፣ በጃንጥላዋ እየተጠለለ ከርሞ ወደ ለንደን ሄደ። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጸሐፊ ሆኖ ብቅ አለ። ድራማው ስለ አንዲት ትንሽ የገጠር ጋዜጣ ነው፤ ስሙም «ሐሙስ ነው የሚወጣው»። ዓርብ ማታ አገር ምድሩ ሥራውን ትቶ ያየዋል። ከሁሉ በላይ ሰውን የምታስቀው ሚስ ትዊል የምትባል አሮጊት ናት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደብተሯን ይዛ ትቆምና፣ እንባዋን የምትጠርገውን መበለት ክንዷን ይዛ «ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው፤ ስምዎ ማን ነበር?» ትላታለች። በዚህች አንድ ንግግር እንግሊዝ በሙሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ካልሲዋም ድርብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሙሪየል መፈጠሯን ጠላች። አውቶቡስ ስትሳፈር ሹፌሩ «ስምዎ ማን ነበር?» ይላታል። ሥጋ ቤት ስትገባ ባለቤቱ ስታንሊ ማፕ፣ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ሰው፣ ቢላውን እያፋጨ መስኮቱ ላይ ለተሰቀለው የአሳማ ጭንቅላት «ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው» ይለዋል፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይንከተከታል። የባሰው ግን ቀብር ላይ ነው። ሰዎች ፊታቸውን አጨፍግገው ይመጡና በሩ ጋ እሷን ሲያዩ ከንፈራቸውን መንከስ ይጀምራሉ። አንዷ ሴትዮ በገዛ ባሏ ቀብር ላይ ሳቋ አመለጣትና በመሐረብ ሸፈነችው። ሙሪየል አየቻት። አንገቷን ደፍታ የሴትዮዋን ስም ጻፈች። ያን ቀን ቤቷ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ አለቀሰች።

ያልሳቀ አንድ ሰው ቢኖር ፐርሲ ትራንተር ነው። ፐርሲ ቦይ እየጠረገ፣ የእርሻ አጥር እያበጀ የሚኖር ሽማግሌ ነበር፤ ቤቱ ባቡር ከቀረ በኋላ ባዶውን በቀረው ድልድይ ሥር፣ ከእህቱ ከአይቪ ጋር። ሰው አይወድም፣ ሰውም አይወደውም። ውሻው የስታንሊ ማፕን ዝይዎች ከፈጀ ጀምሮ ከስታንሊ ጋር ተዘጋግተዋል። ከቄሱ ጋር በደወል፣ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን፣ ከቀረው ሰው ጋር ደግሞ በሆነ ባልሆነው ተጣልቷል። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ግን ጆሮዋ ለደነቆረው እህቱ ሦስተኛውን ገጽ እየጮኸ ያነብላታል፤ ድልድዩን የሚሻገር ሁሉ ይሰማዋል። ሙሪየል ቴሌቪዥን ስለሌላት ራሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው አንድ ዓርብ እነሱ ቤት ሄዳ ነው። ሚስ ትዊል ገና «ሐዘንዎ» ስትል ፐርሲ ብድግ ብሎ ቴሌቪዥኑን ዘጋው።

«እኔ ስሞት በሩ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ» አላት። «ያቺ ተቀባብታ የመጣችዋ እንዳትደርስብኝ። ዓምዴ ደግሞ እስከ ታች ነው የሚወርደው፤ ታያለሽ።»

አይቪ ምን አለ ብላ ጠየቀች። ሙሪየል ጆሮዋ ሥር ተጠግታ፣ ዓምዱ እስከ ታች ይወርዳል እያለ ነው አለቻት። አይቪ ወንድሟን በኩራት አየችው። የእናቷ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ ከእሱ ሌላ ሰው የላትም። ከተማው እንደማይወደው አታውቅም፤ ስድቡን ሰምታው አታውቅማ።

ፐርሲ በኅዳር ሞተ። አካፋውን እንደያዘ ቦይ ዳር ተቀምጦ ተገኘ። ቀብሩ ለማክሰኞ ተቀጠረ፣ ላይኛው መንደር ባለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን። ያው ማክሰኞ ደግሞ የቴሌቪዥኑ ሰዎች ገበያው አደባባይ ላይ ያለውን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ይዘው የቀብር ትዕይንት ሊቀርጹ ነበር። ለቀስተኛ የሚሆን ሕዝብ ፈለጉ። ጥቁር ለብሶ ለሚመጣ ሁሉ ትኩስ ምሳ አለ፣ ፊታችሁም በቴሌቪዥን ይታያል ተባለ። ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ። በዊስቶክ ጥቁር ኮት ያላስወለወለ፣ ጥቁር ባርኔጣ ያልተዋሰ ቤት አልነበረም። ከቴሌቪዥኑ ሰዎች አንዱ ሙሪየል ዘንድም መጥቶ፣ ተዋናይቷን ደብተር አያያዝ እንድታሳያት ለመናት። ቀብር አለብኝ አለችው። የማን ቀብር ነው ሲላት «የሰው» አለችው።

ማክሰኞ ከተማው ጭር አለ፤ ሱቅ ሁሉ ተዘጋ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እዚያ ግን ሽንኩርት ታደለ። ስታንሊ ማፕ ያለ ሽንኩርት አልቅሶ ዳይሬክተሩ ድገምልን አለው፤ ደገመለት። ሚስ ትዊል ሆና የምትጫወተው ሴት በሩ ላይ ደብተሯን ይዛ ቆመች፤ ሕዝቡም በፊቷ ተሰልፎ ባዶ ሣጥን ሊሰናበት ገባ።

ሙሪየል ላይኛው በር ላይ ቆማለች። ዝናቡ ከጎን ይመታታል። ፐርሲን ተሸክመው አስገቡት። አይቪ የቄሱን ክንድ ተደግፋ ገብታ ከፊተኛው አግዳሚ ተቀመጠች። ልማዱ እንዲያ ነው፤ ባለ ሐዘን ከፊት ይቀመጣል፣ ዞሮ ኋላውን ማየት ነውር ነው። ሙሪየል ጠበቀች። መጀመሪያ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ መጣች። ቀጥሎ ከፐርሲ ጋር ቦይ ይጠርግ የነበረ አንድ ሽማግሌ እያነከሰ መጣ። ከዚያ ካርታ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ መንገደኛ ዝናቡን ሸሽቶ ገባና፣ ቀብር መሆኑን ሲያይ ተመልሶ መውጣቱ አሳፍሮት ተቀመጠ። እሱንም ጻፈችው፤ ምን ታድርግ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ከታች ከከተማው የሐዘን ደወል ሲደወል ሰማች፤ ያ የቴሌቪዥኑ ነው። ደብተሯን ዘጋች። እንዲህ ተናዳ አታውቅም። በከተማው ተናደደች፣ በፐርሲም ተናደደች፤ ምን ነበር ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ታርቆ ቢሞት።

ጸሎቱ ሲያልቅ በጎን በር ወደ መቃብሩ ወጡ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ አይቪ ወደ እሷ ዞረች።

«ሞልቶ ነበር?» አለቻት።

ሙሪየል በሕይወቷ ያልመጣ ሰው ስም ጽፋ አታውቅም። የከንቲባው ሚስት አንዴ አሞኝ ነው የቀረሁት፣ ጨምሪኝ ብላ ብትለምናት እንኳ እምቢ ብላለች። አሁን ግን አሮጊቷ ዝናብ ያራሰውን ፊቷን ወደ እሷ አድርጋ ትጠብቃለች።

«ሞልቶ ነበር» አለቻት ጆሮዋ ሥር። «ዝናቡ በተናቸው።»

«ሁሉንም ጻፍሻቸው?»

«ጻፍኳቸው።»

አይቪ ራሷን ነቀነቀች። እንግዲያው ሐሙስ በማጉያ መነጽሬ ራሴ አነበዋለሁ፣ ከእንግዲህ የሚያነብልኝ የለም አለች። ሙሪየል ደብተሯን ኮቷ ሥር ሸጉጣ ቁልቁለቱን ወረደች።

ረቡዕ ጋዜጣው ለማተሚያ የሚሰጥበት ቀን ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ከቴሌቪዥኑ ሰዎች የተላከ ወረቀት ጠበቃት። ትናንት ለተባበሩን የዊስቶክ ነዋሪዎች ምስጋና ይውጣልን ይላል፤ በሩ ላይ የፈረሙት ሰዎች ስም ባል ከሚስቱ ሳይለይ ተያይዟል። በዚህ በኩል የፐርሲ ቀብር ሦስት ስሞች፣ በዚያ በኩል ያ ሁሉ ጭፍራ። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ሁለቱን እያየች ተቀመጠች። ከዚያ ወረቀት የጽሕፈት መኪናው ላይ አስገብታ «ፐርሲ ትራንተር» ብላ ጀመረች፤ ከእሱ ሥር የትልቁን ቤተ ክርስቲያን ሕዝብ አንድ በአንድ አሰለፈችው።

ዋና አዘጋጁ ሚስተር ቤዶስ ጽሑፉን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። ገና ጎልማሳ ነው፤ ግን ጋዜጣዋን ከለንደን ባለቤቶቿ ጋር ሲያስታርቅ ፀጉሩ አልቋል።

«ሚስ ፕሮሰር፣ ይህ ሁሉ ሰው ለፐርሲ ትራንተር?»

«ታች ሰው ነበረ፣ ሬሳ አልነበረም» አለችው። «ላይ ሬሳ ነበረ፣ ሰው አልነበረም። አገጣጠምኳቸው።»

ሚስተር ቤዶስ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከእነዚህ አንዱ ስሜ በሐሰት ወጣ ብሎ ቢከስ እርስዎ ከዚህ ቤት ይወጣሉ፣ እኔም ላድንዎ አልችልም አላት። ሙሪየል ታውቃለች። ከዚህ ቤት ከወጣች የምትሄድበት የለም፤ ከዚያ በር ላይ ካልቆመች ማን እንደሆነች እሷም አታውቅ። እንደ ድሮው ቢሆን ትፈራ ነበር፤ አሁን ለመፍራትም ደክሟታል። እኔ አልጻፍኩትም አልልም፣ ይውጣ አለችው። እሱም ለማተሚያው ላከው።

ሐሙስ ዓምዱ እስከ ታች ወርዶ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ሰው ሁሉ ጋዜጣውን ገልጦ ስሙን ፈለገ፣ አገኘውም፤ ግን ባልሄደበት ቀብር ላይ። ዳቦ ቤቱ ያን ቀን ጭጭ አለ። ሰው ዳቦውን እየያዘ፣ እርስ በርስ ሳይተያይ፣ ወደየቤቱ ገባ። እንዴት ብሎ ነው የሚናገረው? አልሄድኩም ቢል የት ነበርክ ሊባል ነው።

ስታንሊ ማፕ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም። ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ፣ ጋዜጣውን ዝንብ እንደሚገድል ሰው ጠቅልሎ ይዞ ቢሮው ከተፍ አለ።

«እኔ እዚያ ሰውዬ ቀብር ላይ እግሬ አልረገጠም» አላት። «ዝይዎቼን የጨረሰብኝን። አሁኑኑ አርሚልኝ፤ አለዚያ ጠበቃ ዘንድ ነው የምሄደው።»

ሙሪየል እርሳሷን አነሣች።

«መብትህ ነው ስታንሊ፤ አርምልሃለሁ» አለችው። «እንዲህ ብዬ ልጻፈው? ‹ሚስተር ስታንሊ ማፕ በፐርሲ ትራንተር ቀብር ላይ አልነበርኩም፣ ይታወቅልኝ ይላሉ። በዚያው ሰዓት ለባዶ ሣጥን እያለቀሱ ነበር።›»

ስታንሊ ፊቱ ደም መሰለ። ሚስተር ቤዶስ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ቆይቶ ስታንሊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አይቪ አንብባዋለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ሙሪየል ጠዋት ራሷ ወስዳ እንደሰጠቻት፣ አይቪም በማጉያዋ ስም በስም እየለቀመች መሆኗን ነገረችው። ስታንሊ ጋዜጣውን ዘርግቶ አለሰለሰውና በወጉ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«እንግዲያው ተይው» ብሎ ወጣ።

እሑድ ሙሪየል ድልድዩ ሥር ስትሄድ ጠረጴዛው ላይ የቋሊማ ጥቅል አየች። የፕሪም ማርማላታ አየች፣ ኬክም አየች፤ ቁምሳጥኑም አልበቃው ብሎ መሬት የተቀመጠ አለ። ከተማው ሲመላለስ ሰንብቷል። እያንዳንዱ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እግሩን እያፋተገ፣ ሐዘኑን ተናግሮ ሄዷል። አይቪም ለሁሉም ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ ብላለች። አልመጣሁም ብሎ ያረማት አንድም የለም። ሙሪየል ደስ አላት። ከስንት ጊዜ በኋላ እግሯን ዘርግታ እሳቱ ዳር ተቀመጠች። አይቪ ሻይዋን ቀድታ ወተቱን ጨመረችላት።

«አልሞላም ነበር እኮ» አለች አይቪ።

ሙሪየል ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ጆሮዬ ነው የደነቆረው፣ እጄ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሰው ሲዘምር አግዳሚው ይንቀጠቀጣል። እኔ መዝሙር የምሰማው እጄን እንጨቱ ላይ አሳርፌ ነው። ማክሰኞ እንጨቱ ዝም ብሎ ነበር።»

ሙሪየል ልትናገር ስትል እንባዋ ቀደማት። ይቅር በይኝ አለች፤ አይቪ ግን ጆሮዋ ሥር ስላልሆነ አልሰማችም። ቢሆንም እጇን ያዘቻት። ፐርሲ ያንን ዓምድ ቢያነበው በጩኸቱ ጣሪያው በተነሣ ነበር ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋን ዋጥ አደረገችው።

«የእኔ ጊዜ ግን የመጣውን ብቻ ጻፊ» አለች። «አንቺ ብቻ ብትሆኚ አንቺን ብቻ። ያልመጣ ሰው እንዲቆጠርልኝ አልፈልግም።»

ሙሪየል ተጠጋቻት። «ደክሞኛል፣ አይቪ» አለቻት ጆሮዋ ሥር።

«አይቻለሁ። ምን ሆነሽ ነው የደከመሽ?»

ሙሪየል ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ኖራለች። ከካልሲው ጀመረች። ስለ አውቶቡሱ ሹፌር፣ በባሏ ቀብር ላይ ስለሳቀችው ሴትዮ፣ ብስኩቷን በልቶ ስለ ሸጣት ልጅ፣ እሳቱ እስኪከስም በዚያች በደነቆረች ጆሮ ላይ አንድ በአንድ አራገፈችው።

ያ የቀብር ትዕይንት ከገና በኋላ በቴሌቪዥን ታየ። ስታንሊ ማፕ ፊቱ ከዳር እስከ ዳር መስታወቱን ሞልቶ ሲያለቅስ ታየ። እንግሊዝ በሙሉ ሳቀ ይባላል። እሱ ግን ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን እንደዘጋው ሚስቱ ለሰው አውርታለች።

አይቪ ብርዱ ሳይወጣ ሞተች። ሙሪየል ካልሲዋን ደርባ ላይኛው በር ላይ ቆመች። የመጀመሪያው ስታንሊ ነበር፤ እጁ በሳሙና ሲፈተግ የዋለ ይመስል ቀልቷል። ፊት ለፊቷ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ስታንሊ ማፕ» አላት፣ ከልጅነቱ እንደማታውቀው ሁሉ። አልሳቀም። እሷም እንደማታውቀው ሁሉ ጻፈችው።

ከኋላው ሌሎች መጡ፤ የአውቶቡሱ ሹፌር መጣ፣ ባለ ዳቦ ቤቶቹ መጡ፣ ያቺ በባሏ ቀብር የሳቀችው ሴትዮም መጣች። ሞልቶ አልነበረም። የኋለኞቹ አግዳሚዎች ባዶ ነበሩ፤ ዓምዱም ሲወጣ ግማሽ ደርሶ ነው የቆመው፣ አንድም የተጨመረ ሰው የለበትም። በሩን ዘግታ ገባችና ከመጨረሻው ሰው አጠገብ ተቀመጠች። መዝሙሩ ሲጀመር ጓንቷን አውልቃ ፊት ለፊቷ ባለው አግዳሚ ላይ እጇን አሳረፈች። እንጨቱ ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጣል። እዚያው ጉልበቷ ላይ ደብተሯን ገለጠችና ከሁሉም ሥር «ሚስ ሙሪየል ፕሮሰር» ብላ ጻፈች።